አንድ ነጥብ ሁለት
(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለመጽሔቱ ሲዘጋጅ በጥቂቱ ተስተካክሏል)



የዝግጅት ኮሚቴው ሃያ ደቂቃ ሰጥቶኛል። ከእኔ ቀጥሎ ምሳ ስለሆነ ሃያ አንደኛዋን ደቂቃ ማንም እንደማይምረኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ርዕስሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «ባዮማርከር» አልኳቸው። ከኮሚቴው አንዱ፣ መሐንዲስ ነው፣ «ዶክተር፣ እኛም እንዲገባን አድርገሽ ተናገሪ» አለኝ። እውነቱን ነው። ባዮማርከር ማለት በሰውነት ውስጥ የሚካሄደውን ነገር ሰውየውን ሳንከፍት እንድናውቅ የሚረዳን፣ ሊለካ የሚችል ምልክት ነው። የደም ግፊት ባዮማርከር ነው፤ በደም ውስጥ ያለ ስኳር፣ በሽንት ውስጥ ያለ ፕሮቲንም እንደዚሁ። እንደ ስኳር፣ ግፊትና የኩላሊት ድካም ያሉ ሥር የሰደዱ በሽታዎች ለዓመታት ምንም ሳያሳምሙ ስለሚጓዙ፣ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚነግሩን እነዚህ ቁጥሮች ናቸው። ታማሚው «ምንም አላመመኝም» ሲል አልዋሸም። ቁጥሩ ግን በዚያው ሰዓት ሌላ ነገር እያወራ ሊሆን ይችላል።

ዛሬ በዋናነት የማወራው ስለ አንድ ቁጥር ነው፤ 1.2።

ይህ የእናቴ ክሪያቲኒን ነው። ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ተረፈ ምርት ነው። ኩላሊት እያጣራ በሽንት ያስወጣዋል፤ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይጠራቀማል። የሚለካው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። እናቴ የተመረመረችበት ቦታ ወረቀቱ ላይ ከውጤቱ ጎን «ከ0.6 እስከ 1.3» ብሎ መደበኛውን መጠን ይጽፋል። ከዚያ የወጣ ውጤት ከሆነ ኮከብ ይደረግበታል። 1.2 ኮከብ የለውም።

እናቴ የምትኖረው ደብረ ታቦር ነው። ስኳር ካገኛት ቆይቷል። 68 ዓመቷ ሳለ ወንድሜ የላቦራቶሪ ወረቀቷን በስልኩ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። እኔ ተመላላሽ ክፍል ነኝ፤ በር ላይ ሰልፍ አለ፤ አንዱ ታማሚ እየወጣ ሌላው እየገባ ነው። ፎቶውን ከፈትኩ፣ አየሁ፣ «ኖርማል ነው» ብዬ ጻፍኩና የአውራ ጣት ምልክት ጨመርኩበት። ማታ ስደውልላት «ምን አለ ወረቀቱ?» አለችኝ። «ደህና ነሽ እማ፣ ምንም የለብሽም» አልኳት። እሷም ሐኪም ልጅ ያላት እናት ናትና አመስግና ተኛች።

በሚቀጥለው ዓመት ለጥምቀት እኔ ዘንድ መጣች። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ብሏት በነጠላ ጫማ ነው የመጣችው። በእጇ ያው የምናውቀው ፌስታል አለ። ተመላላሽ ክፍል የሠራ ሁሉ ያንን ፌስታል ያውቀዋል፤ የስምንት ዓመት ወረቀት፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ ግማሹ የተቀደደ ራጅ፣ ከሥር ደግሞ የዕቁብ ደረሰኝ። ወረቀቶቹን አልጋው ላይ በየዓመቱ ደረደርኳቸው። በ62 ዓመቷ 0.7፤ በ64 ዓመቷ 0.8፤ በ66 ዓመቷ 1.0፤ በ68 ዓመቷ 1.2። አንዱም ላይ ኮከብ የለም።

ለዚህ ንግግር ስል አሁን በምንጠቀምበት ቀመር አራቱንም እንደገና አስልቻቸዋለሁ። ቀመሩ ክሪያቲኒንን ከዕድሜና ከጾታ ጋር አድርጎ ኩላሊት በደቂቃ ምን ያህል እንደሚያጣራ ይገምታል። 0.7 የነበረው 98 ይሆናል። 0.8ቱ 82፤ 1.0ው 62፤ 1.2 ደግሞ 49። በስድስት ዓመት ውስጥ የኩላሊቷ የማጣራት አቅም ግማሽ ሆኗል፤ በእነዚያ ስድስት ዓመታት ሁሉ ግን ወረቀቱ «ደህና ናት» ይል ነበር። ያንኑ 1.2 ለ25 ዓመት ጎረምሳ ብታሰሉት 86 ይመጣል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ኩላሊቶቹ አይገናኙም።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሐኪም የሆናችሁ ይህን አታውቁትም ብዬ አይደለም። እኔም አውቀው ነበር። ለተማሪዎች አስተምረዋለሁ። ዎርድ ውስጥ ራውንድ ስንዞር አንድ መምህራችን፣ አሁን እዚሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፣ ኢንተርኑ ውጤት ባነበበ ቁጥር «ትናንትስ?» ይሉ ነበር። የትናንቱን ካላወቀ የዛሬውን አይቀበሉትም፤ ካርዱን ይዘጉና ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋሉ። በጣም ነበር የምንፈራቸው። ያንን ጥያቄ ለስንት ታማሚ ጠይቄ ለእናቴ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ሌላም ነገር አለ። ቀመሩ የእናቴን ክንድ አላየም። ክሪያቲኒን የሚመጣው ከጡንቻ ነው ብለናል። ዕድሜዋን ሙሉ ሥጋ በፋሲካና በገና የቀመሰች፣ ከዓመት ዓመት የምትጾም ቀጭን እናት ጡንቻዋ ትንሽ ስለሆነ የምታመነጨው ክሪያቲኒንም ትንሽ ነው። ስለዚህ ኩላሊቷ ደክሞ እንኳን ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይታያል። እውነተኛው አቅሟ ከ49ም ያንስ ይሆናል። በተቃራኒው የተቀቀለ ሥጋ በደንብ በልቶ በማግስቱ የተመረመረ ሰው ኩላሊቱ ሳይታመም ቁጥሩ ከፍ ሊልበት ይችላል። በጡንቻ መጠን እምብዛም የማይወዛገብ ሲስታቲን ሲ የሚባል ሌላ ምልክት አለ፤ ዋጋው ግን ውድ ነው፤ ብዙ ቦታም አይገኝም።

ስለ ቀመር ካነሳሁ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ለዓመታት ስልኬ ላይ የነበረው ማስሊያ ዕድሜና ጾታ ከጠየቀ በኋላ «ታማሚው ጥቁር ነው?» የሚል ሣጥን ያመጣ ነበር። እኛም «አዎ» ብለን እንጫናለን፤ ምን እናድርግ፣ ውሸት አይደለማ! ያ ሣጥን አሜሪካ ውስጥ ከተደረጉ ጥናቶች የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ቀመር ሣጥኑ ውጤቱን በ16 በመቶ ገደማ ያሳድገዋል። እናቴን በዚያ ቀመር ሣጥኑን ሳትነኩ ብታሰሏት 47 ትሆናለች፤ ሣጥኑን ስትጫኑ 54። የደብረ ታቦር ሴት ባንድ ጣት ንክኪ ሰባት ነጥብ ኩላሊት ተጨመረላት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሣጥኑ ከቀመሩ ወጥቷል። ምሳ ላይ ስልካችሁን ተመልከቱ፤ የአንዳንዶቻችሁ ማስሊያ አሁንም የድሮው ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ክሪያቲኒኑ አይደለም። በዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳን የሽንት አልቡሚን አልተለካላትም። የስኳር በሽታ ኩላሊትን መጉዳት ሲጀምር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ማጣሪያው ይላላና አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ጥቂት ጥቂት እያለ ወደ ሽንት ያመልጣል። ክሪያቲኒን ደግሞ የማጣራት አቅሙ ግማሽ እስኪደርስ ድረስ ከመደበኛው ሳይወጣ ሊቆይ ይችላል፤ እናቴ ምስክር ናት። በአንድ ግራም ክሪያቲኒን 30 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ አልቡሚን ከተገኘ፣ ከሦስት ወር በላይ ከቆየም፣ የኩላሊት በሽታ አለ እንላለን። አንድ ጊዜ መውጣቱ ብቻ አይበቃም፤ ትኩሳት፣ ከባድ ሥራ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊያወጡት ይችላሉ። ምርመራው መርፌ እንኳን የለበትም። ጥቂት ሽንት ነው።

በዚያ ላይ ለጉልበቷ ሕመም ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ እየገዛች ስትውጥ ኖራለች። አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ለጥምቀት በመጣች ጊዜ ክሪያቲኒኗ 1.6 ደርሶ ነበር። ዳይክሎፌናኩን አስቆምናት፣ ኤናላፕሪል ጀመርንላት፣ ግፊቷን አወረድን። ዛሬ 73 ዓመቷ ነው፤ ቁጥሩ እዚያው 1.6 አካባቢ ቆሟል፤ የኩላሊት እጥበት ውስጥም አልገባችም። ወደ ኋላ መመለስ ግን የለም። የሄደው ሄዷል።

ከክሪያቲኒን ወደ ስኳሩ ልሻገር፤ ያው የእናቴም በሽታ ነው። አንድ ታማሚ ነበረኝ፣ የከባድ መኪና ሾፌር። ቀጠሮው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ለስላሳ መጠጥ ይተዋል፣ ራቱን ይቀንሳል፣ ክኒኑን በሰዓቱ ይውጣል። ጠዋት በባዶ ሆዱ የምንለካው ስኳር ሁልጊዜ ያማረ ነው። አንድ ቀን ሂሞግሎቢን ኤ ዋን ሲ አዘዝኩለት። የጠዋቱ ስኳር 118፤ ኤ ዋን ሲው 10.4። ወረቀቱን አየና ሳቀ፤ «ዶክተር፣ ይሄኛው ምርመራ ያሳብቃል» አለኝ።

በእርግጥም ያሳብቃል። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ይኖራል። በዕድሜው ሙሉ በዙሪያው ያለው ስኳር ሂሞግሎቢኑ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ውጤቱ የዛሬ ጠዋቱን ሳይሆን ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት ይናገራል። ነገሩን ያስተዋለው ቴህራን ውስጥ የሂሞግሎቢን ዓይነቶችን ይመረምር የነበረው ሳሙኤል ራህባር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በስኳር ታማሚዎች ደም ውስጥ ያልተለመደ ሂሞግሎቢን አይቶ ጻፈ። ቦስተን አይደለም፣ ለንደን አይደለም፤ ቴህራን። ዋጋው በደንብ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ በሰሜን አሜሪካ 1,441 የዓይነት አንድ ስኳር ታማሚዎች የተካፈሉበት ጥናት ውጤቱን ያወጣ ጊዜ። ኤ ዋን ሲን ከ9 ወደ 7 አካባቢ ማውረድ፣ ዓይናቸው ገና ባልተጎዳ ታማሚዎች ላይ የዓይን ጉዳት የመጀመሩን ዕድል በ76 በመቶ ቀንሶታል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 6.5ን የስኳር በሽታ መለያ አድርጎ ተቀበለ።

ግን ይህም ቁጥር ይሳሳታል፤ የሚሳሳተውም እኛ አገር በብዛት በምናያቸው ነገሮች ነው። ምልክቱ የተጻፈው በቀይ የደም ሴል ላይ ስለሆነ የሴሉ ዕድሜ ሲዛባ ቁጥሩም ይዛባል። የብረት እጥረት ያመጣው የደም ማነስ ቁጥሩን ከእውነቱ በላይ ሊያደርገው ይችላል። ወባ ደሙን ያፈረሰበት፣ ደም የተሰጠው፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የእነሱ ደግሞ ከእውነቱ በታች ይሆናል። ጨጓራው ደምቶ ሁለት ዩኒት ደም የተሰጠው አንድ ሰው በወሩ ኤ ዋን ሲው 6.0 ሆኖ መጣ። ጣቱን ወግተን ስንለካው 240። ወረቀቱን ብቻ ብናምን ኖሮ መድኃኒቱን ልንቀንስበት ነበር። ለዚህ ነው ከኤ ዋን ሲ ጎን የሂሞግሎቢኑ መጠን አብሮ ካልተጻፈ እኔ የማላነበው። ግትር ናት ይሉኛል፤ ይበሉኝ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ አብራችሁኝ የተመረቃችሁ የምታስታውሱት አንድ ነገር አለ። በ1997 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር እኛ ገና ልጆች ነበርን። ያኔ ሁሉም ታማሚ ሲዲ ፎሩን ያውቅ ነበር። ጠጅ የምትሸጥ አንዲት ሴት ትዝ ትለኛለች፤ ፊደል አልቆጠረችም፤ «መጀመሪያ 84፣ ከዚያ 140፣ አሁን 260» እያለች እንደ ልጆቿ ዕድሜ ትጠራው ነበር። ከሐኪሙ ቀድማ ትናገራለች። በኋላ የቫይረሱን መጠን መለካት መጣ፤ ናሙናው በፖስታ ቤት መኪና ሳይቀር ተጓጉዞ ይመረመር ጀመር። ያ ቁጥር ቤት ነበረው። መዝገብ ነበረው፣ የሚጠራው ሰው ነበረው፣ የቀረ ታማሚ ይፈለግ ነበር።

የኩላሊትና የስኳር ቁጥር ቤቱ ፌስታል ነው። ገንዘብ ስለሌለ ብቻ ነው እንዳንል፣ ከጎንደርና ከጅማ ሆስፒታሎች ተነስቶ እስከ ገጠር ጤና ጣቢያ የወረደው የስኳርና የሚጥል በሽታ ክትትል በነርሶች እጅ ሲሠራ አይተናል። መዝገብና የሚከታተል ሰው ካለ በቀላል መሣሪያም ብዙ ይሠራል።

በሌላ በኩል ደግሞ የማያስፈልገው ምርመራ ሞልቷል። ከውጭ የምትመጡ ጓደኞቼ አትቀየሙኝ። ወላጆቻችሁን «ሙሉ ቼክአፕ» ብላችሁ ታስመረምራላችሁ። በጥቅሉ ውስጥ የካንሰር ምልክቶች የሚባሉ አራት አምስት ምርመራዎች አሉበት። አንዲት የ40 ዓመት ሴት ሲኤ 125 የሚባለው ከፍ አለባት ተብላ የማህፀን እንቁላል ካንሰር መስሏት፣ ልጆቿን ለእህቷ አደራ ብላ እያለቀሰች መጣች። የሆድ ቲቢ ነበር፤ ቲቢ ይህን ቁጥር በጣም ከፍ ያደርገዋል። ታክማ ዳነች፤ ያለቀሰችባቸውን ሳምንታት ግን ማንም አልመለሰላትም። ቅሬታ የሌለበትን ሰው በዚያ መፈተሽ ከጥቅሙ ጭንቀቱ ያመዝናል። በዚያው ገንዘብ የአባታችሁን ግፊት፣ የሽንት አልቡሚን፣ ክሪያቲኒንና ስኳር አስለኩ፤ የሚተርፋችሁን ለበዓል በግ ግዙበት።

አሁን ልለምናችሁ የመጣሁትን ልናገር፤ ሰዓቴም አልቋል።

ላቦራቶሪ የምትመሩ ጓደኞቻችን፣ ክሪያቲኒን ስትሰጡን የማጣራት አቅሙን አስልታችሁ ከጎኑ ጻፉልን። ዕድሜና ጾታ መጠየቂያው ላይ አለ፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ኮምፒውተራችሁ ያለፈውን ውጤት ካስቀመጠ እሱንም አብራችሁ አትሙት። በአዲሱ ቀመር ይሁን፣ ሣጥን የሌለበት።

ውጭ ያላችሁ፣ መሣሪያ ልትልኩ ስትነሱ መጀመሪያ ደውላችሁ «የዚህ ሪኤጀንት እዚያ ይገኛል ወይ? ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው?» በሉ። በሪኤጀንት እጦት ላስቲኩ እንኳን ሳይገፈፍ የቆመ ማሽን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ላኪው ቅን ሰው ነበር። የሁለት ዓመት ሪኤጀንት ያለው ትንሽ መሣሪያ ሪኤጀንት ከሌለው ትልቅ መሣሪያ ይሻለናል።

መምህራኖቻችን፣ ያንን «ትናንትስ?» የሚለውን ጥያቄ እባካችሁ አታስቀሩብን። የዛሬ ተማሪዎች በእጃቸው ስልክ አለ፣ ቀመሩ አለ፣ ሁሉ ነገር አለ። ያለፈውን ወረቀት ከፌስታል ውስጥ ፈልጎ ማውጣት ግን አሁንም ጊዜ ይወስዳል፤ በር ላይ ደግሞ ሰልፍ አለ።

እናቴ አሁን በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ ወንድሜ እያጻፈላት ትይዛለች። ቀን፣ ግፊት፣ ክሪያቲኒን፣ አልቡሚን፣ ኤ ዋን ሲ ከሂሞግሎቢኑ ጋር። ያንኑ በአንድ ገጽ ካርድ አድርጌ አሳትሜዋለሁ፤ ሁለት መቶ ያህል መዝገባው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬላችኋለሁ። ስታልፉ ውሰዱ፤ ለታማሚዎቻችሁም፣ ለእናት አባቶቻችሁም። የጎደለ ነገር ካያችሁበት በእርሳስ ጻፉበትና ስጡኝ፣ በሚቀጥለው ኅትመት አስተካክለዋለሁ። አንድ መምህራችን ትናንት ማታ አይተውት «የክብደት መስመር የለውም» ብለውኛል። ልክ ናቸው፤ ይገባል።